በዒዳዬ ወራት ያስቆምኩት ማሽን

ማሽኑ ይሸጥ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ገና ከግቢያችን ተጠቃለው ሳይወጡ ነው። የተናገሩት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ወንድማቸውን ቀብረው የተመለሱ፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ የሟች ሚስት ነገር በራሳቸው ላይ እንደወደቀ የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሴቶቹን ከወንዶቹ የሚለየው መጋረጃ አጠገብ ቆመው፣ «አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉኝ። «ሠሪው የለም። ገዢ ፈልጌ እሸጥልሻለሁ። ዒዳሽን ስትጨርሺ ደግሞ ወደ ሀገርሽ መሄድ ከፈለግሽ መንገድሽን አንዘጋም።»

ዒዳ ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት ቤቷ ተቀምጣ የምትጠብቀው ወራት ነው። ሀገርሽ ያሉት ደግሞ ወሎን ነው። አሰላ የመጣሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤ ነው። ያገባሁትም፣ ዕድሜዬን የኖርኩትም እዚሁ ነው። ልጅ አልወለድንም። በቤቱ ውስጥ የሁለታችንም እጅ ያለበት ነገር ቢኖር ያ ማሽን ነው። እሱ ከሄደ እኔም ለመሄድ የቀረኝ ሻንጣ ማንሳት ብቻ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት፣ ገና ድምፄ ከልቅሶ ሳይጠራ፣ አልሸጥም አልኩ። የሰማኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ማሽኑ የጫጩት መፈልፈያ ነው። ባለቤቴ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ራሱ የሠራው፣ ቁመቱ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል የቆመ። እንቁላሉ በትሪ ተደርድሮ ይገባል። የአሰላ ብርድ ውጭ እየጮኸ ውስጡ ሙቀቱ እኩል ሆኖ መቆየት አለበት። ትሪዎቹም በየጊዜው ወዲያና ወዲህ ማዘንበል አለባቸው፤ ዶሮ በምንቃሯ እያገላበጠች የምትሠራውን ማሽኑ በሞተር ይሠራዋል። ይህን ሁሉ የምታዘው መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሆና ከማሽኑ ጎን ተሰቅላለች። የራሷ ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድም የላትም። ሊያነጋግራት የፈለገ ሰው ከአሮጌው ላፕቶፕ ሲሪያል ኬብል ይሰካባታል። በላፕቶፑ የሚጻፈው ፊደል አንድ በአንድ በኬብሉ ሄዶ ይደርሳታል፤ የእሷም መልስ በዚያው ተመልሶ በጥቁሩ መስኮት ላይ ይነበባል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አስቦ መሥራት ይችል ነበር፤ በኪቦርድ መጻፍ ግን አይችልም ነበር። በሁለት ጣት፣ ፊደሉን እንደ ጠፋ መርፌ እየፈለገ ነበር የሚጽፈው። እኔ ደግሞ ኑሮዬ መጻፍ ነው፤ ኪቦርዱን ሳላይ እጽፋለሁ። ስለዚህ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ብዙውን ትእዛዝ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጣቴ ለምዶታል። ስሙንና ፓስወርዱን ጽፌ የምገባው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም የማስጀምረው እኔ ነኝ። ጫጩቱ ሊወጣ ሲቃረብ፣ «ኮንትሮልን ይዘሽ ሲን ንኪ» ይለኛል፣ የእንግሊዝኛዋን ፊደል፤ ስነካ ሞተሩ ዝም ይላል። ከዚያ ሁለተኛውን ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ነውና። በመጨረሻዎቹ ቀናት እንቁላል አይገላበጥም። ጫጩቱ ውስጥ ሆኖ ምንቃሩን ወደ አየሩ ኪስ አዙሮ ቦታውን ይይዛል፤ ያኔ ከተንቀሳቀሰ መውጫው ይጠፋዋል። ትሪው ጋደም ብሎ፣ እርጥበቱ ጨምሮ መቆየት አለበት። የሁለተኛው ፕሮግራም ሥራ ይህ ነው። እሱን ለማስጀመር ግን የመጀመሪያው መቆም አለበት።

ባለቤቴ የሞተው ከሮቤ እንቁላል ይዞ ሲመለስ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ደረቱን ያዘው፤ አሰላ ሲደርሱ በሕይወት አልነበረም። እንቁላሉ ግን አንድም ሳይሰበር ደረሰ። እስከ ዛሬ ይህን ነገር ይቅር ማለት አልቻልኩም።

በለቅሶው መሀል መብራት ጠፋ። ሲመለስ ትንሿ ኮምፒውተር እንደ ወትሮዋ ስምና ፓስወርድ ጠይቃ ቆመች። በማሽኑ ውስጥ ቀደም ብሎ የገባ እንቁላል ነበር። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተማከሩ፤ ወንድምየው ከተማ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ቴክኒሻን አስመጡ። እኔ በሴቶቹ መሀል ነበርኩ። ከመጋረጃው ማዶ የሰማሁት ምስጋናቸውን ብቻ ነው። ከእንግዲህ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ማንንም አይጠይቅም፣ እሷንም አያስቸግራትም አሉ። እንደ ሰደቃ፣ እንደ ምጽዋት ነበር የተቆጠረው።

ጊዜው ደርሶ ሁለተኛውን ፕሮግራም ለማስጀመር ላፕቶፑ ፊት ብቻዬን ስቀመጥ ነው ነገሩ የታየው። ኮንትሮልን ይዤ ሲን ነካሁ። በጥቁሩ መስኮት ላይ ኮፍያ የመሰለ ምልክትና አንዲት ሲ ተጻፉ። ሞተሩ መዞሩን ቀጠለ። ደግሜ ነካሁ፤ ሌላ ኮፍያ፣ ሌላ ሲ። መስኮቱን በኮፍያ ሞላሁት። ነቅዬ ስሰካው ራሱ ተነስቶ ያንኑ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ይጀምራል። የሞተሩን ሽቦ ብቻ መንቀል እንደማያዋጣ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ትሪ ተቀርቅሮ ሞተሩ ጭስ ካወጣ ወዲህ፣ ትሪው ታዞ ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱም አብሮ እንዲጠፋ አድርጎ ነበር። እንቁላሉ እስከ መጨረሻው ሲገላበጥ ቆየ። አብዛኛው ሳይፈለፈል ቀረ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እየሰበሩ አዩ፤ ላባ ያወጡ፣ ሙሉ የሆኑ ጫጩቶች ናቸው፣ መውጫው የጠፋቸው።

ወንድምየው ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አየሽ» አሉኝ፣ «ማሽኑም ከባለቤቱ ጋር ሄደ። አዳማ ገዢ አግኝቻለሁ።»

ከባለቤቱ ጋር ሄደ። ሰዎች ይህን በደግ ድምፅ ነው የሚናገሩት። እኔ ግን ንዴቱ ከእግር ጥፍሬ ነው የተነሳው። ሰው ይሞታል፤ የአላህ ነው፣ ተቀበልኩ። ሽቦ ግን አይሞትም። ሽቦ ሲበላሽ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ያላገኘ ሰው ማዘኑን ትቶ እስኪያገኝ ይፈልግ።

ገዢው ሳይመጣ ማሽኑን በእንቁላል ሞላሁት። መሸጥ የሚቻለው ባዶ ማሽን ነው። አማቴ ስልካቸውን ይዘው ኦጎልቾና አርቦዬ ላሉ ደንበኞቻችን በኦሮምኛ ደወሉ፤ ሴቶቹ እንቁላሉን በገለባ ጠቅልለው በሚኒባስ ላኩ። ውሉም እንደ ድሮው ከሚፈለፈለው ጫጩት መካፈል ነው። ለምን እንደረዱኝ አማቴን አልጠየቅኳቸውም። የሞተው ልጃቸው ነው፤ እኔን ከሚያቃጥለኝ ነገር የእሳቸው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ከዚያ ያንኑ ቴክኒሻን አስጠራሁት።

ዒዳ ላይ ያለች ሴት ቤቷን አትለቅም፤ ባዳ የሆነ ወንድ ዘው ብሎ አይገባባትም። የጎረቤት ሴቶች ደግሞ ከሕጉ በላይ ሕግ ይጨምራሉ፤ ድምፅሽ አይሰማ፣ መስኮት አትክፈቺ፣ ስልክ አታንሺ። እኔ ሕጉን አክብሬያለሁ፣ ጭማሪውን ትቼዋለሁ። ቴክኒሻኑ ከክፍሉ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። አማቴ በርጩማቸውን በሩ መሀል አኖሩና በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። እኔ ውስጥ፣ ላፕቶፑ ፊት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር ሁላችንም መጮህ ነበረብን።

«እህቴ፣ እኔ ወደ ግቢው ነው የማየው፤ አይሳቀቁ» አለ።

«ደግ አደረግህ» አሉት አማቴ፣ «እግረ መንገድህን ጎመኔን ከዶሮ ጠብቅ።»

ጀመርን። መጀመሪያ ኬብሉን ጠረጠረ። ለቅሶ ላይ ዕቃ ሲነሳ ሲጣል የተበጠሰ ሽቦ ይኖራል አለ።

«ሲን ሲነኩ ምን ያያሉ?»

«ኮፍያና ሲ።»

«መስኮቱ ላይ ይጻፋል?»

«ይጻፋል። የምጽፈው ፊደል የሚታየኝ እዚያ ደርሶ ሲመለስ ነው። ኬብሉ ቢበጠስ ባዶ ነበር የማየው።»

«ልክ ነው። ይደርሳል ማለት ነው።»

«መል ጄቴ?» አሉ አማቴ። ምን አለች ማለታቸው ነው፤ ዝናቡ ከልክሏቸዋል።

«ማሽኑ ይሰማል፣ ግን አይታዘዝም ነው የምትለው» አላቸው።

«እንደ ትልቁ ልጄ ነዋ።»

ሳቁን ለመደበቅ ሲስል ሰማሁት።

ቀጥሎ ኪቦርዱን ጠረጠረ። ይዞት የመጣውን ሌላ ኪቦርድ አማቴ ተቀብለው አቀበሉኝ፤ ለውጥ የለም። «እስቲ ኮንትሮልን ይዘው ኤስን ይንኩ» አለኝ። ነካሁ። በመስኮቱ ላይ ሲወርድ የነበረው የሙቀት ቁጥር ቀጥ አለ። ለአፍታ የቆመ መሰለኝ፤ ሞተሩ ግን ሲያጓራ ይሰማኛል።

«ጽሑፉ ቆመ፣ ሥራው አልቆመም» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፣ የኤስ ሥራ እሱ ነው። አሁን ኪው።»

ኪውን ስነካ የታገደው ቁጥር በአንድ ጊዜ ተንዶ ወረደ። ኮንትሮልና ዜድን አስሞከረኝ፤ ኮፍያና ዜድ ጽፎ እንደ ሲው ዝም። ስለዚህ የኮንትሮል ቁልፍ ይሠራል፣ ኬብሉ ያደርሳል፣ ማሽኑም ከሚደርሰው ለአንዳንዱ ይታዘዛል። አቁም ለሚለው ብቻ ጆሮ የለውም።

መፍቻ ከቦርሳው ሲያወጣ ሰማሁት። እንደፈራሁትም፣ «እህቴ፣ ቆርቆሮውን ፈትቼ ሱቅ ልውሰዳት። እዚያ ተረጋግቼ አያታለሁ» አለ።

«ሳጥኑ ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

«ነገ እመልሳታለሁ፣ ወላሂ።»

«አንተን አምንሃለሁ። ግን ውስጡ እንቁላል አለ፤ ያለ ኮምፒውተሯ አያድርም። ሳጥኑም አይወጣም፣ እኔም አልወጣም። እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

አማቴ በትራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ። ቴክኒሻኑ እንደገና ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትንሿ ኮምፒውተር ስትነሳ፣ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ወደ ታች ትቆጥራለች። ባለቤቴ አንዳንዴ፣ «አሁን! አሁን ንኪ!» እያለ በዚያች ቅጽበት አንድ ቁልፍ ያስነካኝ ነበር፤ ያኔ መነሳቷን ትታ ትእዛዝ ትጠብቃለች። ይህን ነገርኩት።

«እሱን ያውቁታል?» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ።

«የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።»

«ያ ከሆነማ በዚያ በኩል እንገባለን። ሙቀቱ ግን ትንሽ ይቋረጣል።»

«ዶሮም እህል ለመልቀም ከእንቁላሏ ትነሳለች። አጥፊ በለኝ።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቁጥሩ ሲወርድ ነካሁት፤ ቆመች። ከዚያ እሱ አንድ ረጅም መስመር ፊደል በፊደል ይነግረኝ ጀመር፤ ማንንም ሳትጠራ፣ ምንም ሳትጀምር በባዶው እንድትነሳ የሚያደርግ መስመር ነው። ጻፍኩ። ከኋላዬ የሚመጣውን የወንድ ድምፅ እየሰማሁ፣ ጣቶቼ ቀድመውት እየሄዱ። ከመስመሩ መሀል ላይ መጻፌን አቆምኩ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ይህን የማውቀው ነገር ነው፣ ግን ጣቶቼ አያውቁትም ነበር።

«ጠፋብዎት?» አለ ከውጭ።

«አልጠፋብኝም። ዝናቡ ነው። ከመሀሉ ድገምልኝ።»

አማቴ ዞር ብለው አዩኝና ፊታቸውን መልሰው ወደ ግቢው አደረጉ። ለዚያ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

መስመሩ አለቀ፤ ተነሳች። ፕሮግራሙ አልጀመረም፤ ባዶ ቦታና ብልጭ የምትል ጠቋሚ መጣች። ከላይዋ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ተርሚናሉን ማግኘት አልቻልኩም፣ የሥራ ቁጥጥሩ ተዘግቷል የሚል ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩለትና፣ «ይህን ዓረፍተ ነገር እሱ በነበረ ጊዜ አንድም ቀን አላየሁትም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያነበብኩትን አልረሳም። እንጀራዬ ነበር።»

«እስቲ ምንም የማይሠራ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ ትእዛዝ ልንገርዎት። ያስተኙትና በሲ ያቁሙት።»

አስተኛሁት። ሲን ነካሁ። ኮፍያና ሲ ወጡ፤ ትእዛዙ ተኝቶ ቀረ።

«ይሄም አልቆመም። እንግዲህ የሱ ፕሮግራም አይደለም የተበላሸው!» ብዬ ጮህኩ። ምን ያህል እንደፈራሁት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሠራው ነገር ጉድለት ኖሮበት ቢሆን ማንም መጥቶ አያስተካክለውም ነበር።

ቴክኒሻኑ ሳያስበው ወደ እኔ ዞረ። አማቴ በበትራቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «አንገትህ!»

«ይቅርታ፣ እማማ።» ወደ ጎመኑ ተመለሰ። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ኮንትሮልና ሲ ሲደርሱ ማሽኑ እንደ ፊደል አያያቸውም። በዚህ ኬብል ማን ነው የገባው ብሎ ይፈልግና፣ ለዚያ ሰው ሥራ ነው አቁም የሚለውን የሚያደርሰው። በስምና በፓስወርድ የገባ ሰው ካለ ተርሚናሉ የእሱ ይሆናል፣ ትእዛዙም ሥራው ላይ ይወድቃል። ኤስና ኪው ግን የሚመለከቱት መስመሩን ራሱን ስለሆነ ሰው አይፈልጉም፤ ለዚህ ነው እነሱ የሠሩት። እሱ በለቅሶው ቀን መግቢያውን አንስቶ ፕሮግራሙን በቀጥታ እንዲነሳ አደረገ። ስለዚህ ማንም አልገባም። አቁም የሚለው ይመጣል፣ የሚቀበለው ግን የለም።

«መግቢያውን ለምን አነሳኸው?»

«ፓስወርዱ ስለጠፋ ነዋ። ሟቹ ይዞት ሄደ አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ሁሉም። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ዝናቡ እየቀነሰ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዴት ይጠየቃል፣ እህቴ? ከቀብር በተመለሱበት ዕለት፣ ሐዘንተኛዋን ፓስወርድ አምጪ ተብሎ? እኔ ለወንድማቸው ነግሬአቸው ነበር፤ ምናልባት ባለቤቱ ታውቅ ይሆናል ብዬ። ነውር ነው አሉኝ። አታስቸግሯት አሉ።»

አከበሩኝ። ከአክብሮታቸው ብዛት ቁልፉ በእጄ ያለውን በር ገንጥለው ጣሉልኝ። አንድ መጋረጃ አልፎ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነውር ሆነና፣ ላባ ያወጡ ጫጩቶች በእንቁላላቸው ውስጥ አለቁ፤ ለጥፋቱም ከባለቤቱ ጋር ሄደ የሚል ስም ወጣለት። በለቅሶ ቤት ሴትን የሚያከብሩት እንደሌለች በመቁጠር ነው። ይህን ያን ቀን አልተናገርኩም፤ አሁን ግን እጽፈዋለሁ፣ ያነበበ ይቀየመኝ።

«ፓስወርዱን ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሉ አማቴ።

«እኔ አይደለሁም የምጽፈው? እሱማ በሁለት ጣት…»

«በሁለት ጣት!» አሉና አማቴ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እሱንም በነጠላቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ እንደ ገበሬ ጠረጉት። «ስሙን እንኳ ሲጽፍ ምላሱ ይወጣ ነበር፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ብለው አይጠሩኝም ነበር።

የቀረው ቀላል ነበር። ቴክኒሻኑ የመግቢያውን መስመር አልሰረዘውም፤ እንዳይነበብ ከፊቱ ምልክት ብቻ ነው ያኖረበት። ፋይሉን አስከፈተኝ፣ ምልክቱን አጠፋሁ። እሱ የጨመረውን ራሱ የሚያስነሳውን መስመር ሰረዝኩ። «እርግጠኛ ነዎት? መብራት በጠፋ ቁጥር እርስዎ መግባት ይኖርብዎታል» አለኝ። እገባለሁ አልኩት። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጽሑፉ ወርዶ ወርዶ መጨረሻው ላይ ቆመና ስም ጠየቀኝ።

የእሱን ስም ጻፍኩ። ፓስወርዱን ጻፍኩ፤ ፓስወርድ ሲጻፍ አይታይም። አስገባኝ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም አስጀመርኩ፣ ትሪዎቹ አዘነበሉ፣ ኮንትሮልን ይዤ ሲን ነካሁ።

ሞተሩ ዝም አለ።

«ቆመ» አልኩ። አልጮህኩም፣ ግን ሁለቱም ሰሙኝ። መልሼ አስጀመርኩት፤ እንቁላሉ ገና መገላበጥ ነበረበትና። ቴክኒሻኑ ለድካሙ ምንም አልቀበልም ብሎ ሄደ። ሲወጣም ወደ ክፍሉ ላለማየት ሲል፣ ምስኪን፣ በጎመኑ መሀል ሄዶ አማቴን አስጮሃቸው።

ጊዜው ሲደርስ የመጀመሪያውን አቁሜ ሁለተኛውን አስጀመርኩ። ትሪዎቹ ጋደሙ። በማግስቱ ወንድምየው የአዳማውን ገዢ ይዘው መጡ። ፒክአፑ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በሩ ላይ ሆነው፣ «አጥፊውና ሰዎቹ ያውጡት» አሉኝ።

«እንቁላል አለበት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«ዒዳ ላይ ሆነሽ ትነግጃለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ ዒዳ አትውጪ ይለኛል፤ አልወጣሁም። አታጊጪ ይለኛል፤ ልብሴን ይዩት። እንቁላል አታሙቂ የሚል ካለ ግን አንብበው ያሳዩኝ፣ አሁኑኑ ነው የማጠፋው።»

ገዢው ወፍራም፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ አማቴ ፈቅደውለት እኔ ወደ ጓዳ ዞር ባልኩበት ገብቶ ጆሮውን ከማሽኑ በር ላይ ለጠፈ። ቆየ። ሲወጣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ጫጩቶቹ ውስጥ እየጮሁ ነው። እኔ ነፍስ ያለበትን አጥፍቼ አልጭንም፣ ወንድሜ። ሲያልቅ ደውልልኝ።»

«አይደወልልህም» አልኩ ከጓዳ።

ፒክአፑ ሄደ። ወንድምየው ግን አልሄዱም። ግቢው መሀል ቆመው ቆዩና ተመልሰው መጡ። ቁጣቸው በርዶ ነበር፤ የቀረው እውነተኛ ሥጋታቸው ነው። «እሺ፣ ነገ መብራት ሲጠፋስ? ስትታመሚስ? ማን ያስነሳዋል? ቢያንስ ፓስወርዱን ንገሪኝ።»

«ያን ቀን ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ቀይሬዋለሁ።»

እውነቴን ነው፤ ያንኑ ዕለት ጠዋት ቀይሬዋለሁ። የእሱ ፓስወርድ የእሱ ነበር። ለእናታቸው ነግሬያለሁ፤ እሳቸው መጻፍ አይችሉም፣ መጠበቅ ግን ይችላሉ። ወንድምየው እናታቸውን አዩ። እናታቸው ጎመናቸውን አዩ።

ጫጩቶቹ በሁለት ቀን ውስጥ ወጡ። የኦጎልቾና የአርቦዬ ሴቶች ካርቶን ይዘው መጥተው ግቢው በጫጫታ ተሞላ፤ ለቅሶ ቤት ነው ብሎ ዝም የሚያሰኛቸው አልነበረም፣ እኔም አልፈለግኩም። ወንድምየው መጡና ሳይጠሩ ካርቶን እየተሸከሙ ባጃጅ ላይ መጫን ጀመሩ። ሲጨርሱ ባዶ ትሪዎቹን ተመለከቱ። ያልተፈለፈለም ነበር።

«የሞቱም አሉ» አሉኝ።

«አዎ። እሱ በነበረ ጊዜም ነበሩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ላባ ከጃኬታቸው እያራገፉ፣ «ዒዳሽ ሲያልቅ ስለ ማሽኑ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አሉ።

«ሲያልቅ በር ድረስ ወጥቼ ነው የምነግርዎት» አልኳቸው። «መልሱ ግን ያው ነው።»

የመጨረሻውን ካርቶን አንስተው ወጡ። እኔ ትሪዎቹን ከማጠቤ በፊት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ፤ ኮንትሮልን ይዤ ሲን ነካሁ፣ ፕሮግራሙም ቆመ።